«ሲሸጥ ዋጋውን ያወጣል» — ከማን ኪስ?

አንድ የቤተሰብ ኃላፊ ለልጁ ትምህርት ወይም ለራሱ ሥራ ላፕቶፕ ሊገዛ ሲነሳ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ውዱን ግዛ፤ ሲሸጥ ዋጋውን ያወጣል» የሚለው ነው። መካሪው በአብዛኛው በልቡ የያዘው የአፕል ኩባንያ የሚሠራውን ማክቡክ ነው። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ነገር ግን በውስጡ ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ አለ። ያ «የሚያወጣው» ዋጋ ከየት ነው የሚመጣው? ከእኛ በኋላ ኮምፒዩተሩን ከሚገዛው ሰው ኪስ አይደለምን? ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከእኛ ያነሰ አቅም ያለው ነው። አዲሱን ለመግዛት ቢችል ኖሮ ያገለገለውን ፍለጋ ባልወጣ ነበር።

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ሰው ላፕቶፕ በ120,000 ብር ገዛ እንበል። 4 ዓመት ሠራበትና በ60,000 ብር ሸጠው። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ የፈጀበት 60,000 ብር ነው፤ በዓመት 15,000 ብር ማለት ነው። ሁለተኛው ሰው በ60,000 ብር ገዝቶ 3 ዓመት ሠራበት፤ ከዚያ ወዲያ ስለማያገለግል ለመለዋወጫ ያህል በ6,000 ብር ሰጠው። የፈጀበት 54,000 ብር ነው፤ በዓመት 18,000 ብር ይሆናል። አስተዋላችሁን? ዕቃው አዲስ ሳለ፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ እየዋለ የተጠቀመበት ሰው በዓመት የከፈለው፣ ዕቃው ካረጀ በኋላ ከተጠቀመበት ሰው ያንሳል። «ዋጋውን ያወጣል» የሚለው ቃል ለመጀመሪያው ባለቤት የምሥራች የሚሆነው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

ይህ በራሱ በደል ነው ማለታችን አይደለም። ሁለት ሰዎች ወደው የተስማሙበት ንግድ ሐላል ነው፤ ሁለተኛውም ሰው ያን ኮምፒዩተር በዚያ ዋጋ የሚፈልግበት የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ዳሩ ግን መውደድ የሚባለው ነገር የሚቆመው በማወቅ ላይ ነው። የሚገዛው ነገር ስንት ዓመት እንደቀረው ያላወቀ ሰው ወደደ የምንለው ምኑን ነው?

የረዥም ጊዜ ወጪ ሲነሳ ብዙ ሰዎች የአይ.ቢ.ኤምን ምሳሌ ይጠቅሳሉ። ይህ ትልቅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባቀረበው ስሌት፣ ለሠራተኞቹ ከሚገዛቸው ኮምፒዩተሮች መካከል አንድ ማክ በ4 ዓመት ውስጥ ከሌላው ኮምፒዩተር ጋር ሲነጻጸር ከ273 እስከ 543 ዶላር እንደሚያተርፍለት ገልጾ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ የማክ ተጠቃሚ ሠራተኞች የባለሙያ እርዳታ የሚጠይቁት በጥቂቱ መሆኑ ነው። ስሌቱ ለኩባንያው እውነት ሊሆን ይችላል። አንድ ቤተሰብ ግን አይ.ቢ.ኤም አይደለም። የራሱ ጠጋኝ የለውም፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዕቃ ስለማይገዛ አንዱ ቢበላሽበት የሚያካክስለት ሌላ የለውም። አፕልም በሀገራችን የራሱን ሱቅ አልከፈተም። ስለዚህ የኩባንያን ሒሳብ ወደ ሳሎናችን ስናመጣ የሚጎድለውን አብረን እናስብ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 አፕል ማክቡክ ኤር የተባለ ላፕቶፕ አወጣ፤ መነሻ ዋጋው 999 ዶላር ነበር። የኮምፒዩተሩ አንጎል የሚባለው ፕሮሰሰር የኢንቴል ሥራ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ኩባንያው ኤም 1 የሚባለውን የራሱን ፕሮሰሰር የያዘ ሌላ ማክቡክ ኤር አወጣ። ስሙ ያው፣ መልኩ ያው፣ መነሻ ዋጋው ያው 999 ዶላር፣ ዓመቱም ያው 2020። ሆኖም በፍጥነትም፣ ባትሪ በማቆየትም ሁለቱ አይገናኙም። ይበልጥ የከፋው ደግሞ ኋላ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2025 አፕል ታሆ የተባለው የማክ ሥርዓት ኢንቴል ለያዙ ኮምፒዩተሮች የመጨረሻው እንደሚሆን አስታወቀ፤ ያ የመጋቢቱ ማክቡክ ኤር ግን ታሆንም እንኳ አይቀበልም። ከእርሱ በፊት በነበረው በሲኮያ ላይ ቆሞ ቀርቷል። የኅዳሩ ወንድሙ ታሆን ይቀበላል።

እንግዲህ አንድ ሰው የመጋቢቱን ይዞ «የ2020 ማክቡክ ኤር ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ጭረት የለውም» ብሎ ለሽያጭ አቀረበው እንበል። ከተናገረው አንዱም ውሸት አይደለም። ገዢው ግን ስለ ኤም 1 መልካምነት ሰምቶ የመጣ ተማሪ ነው፤ የሁለቱን ልዩነት አያውቅም፤ የኅዳሩን ዋጋ ከፍሎ የመጋቢቱን ይዞ ሄደ። ሻጩ ዋሽቷልን? በምላሱ አልዋሸም። ታዲያ የተቀበለው ብር ሁሉ ሐላል ነውን?

የመድረሳ ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህን ሲሰማ ወደ አእምሮው የሚመጣ አንድ ጉዳይ አለ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንዳንድ ሻጮች ግመልን ወይም በግን ለጥቂት ቀናት ሳያልቡ ያቆዩ ነበር። ገዢው ገበያ ላይ ሲያያት ጡቷ በወተት ተወጥሮ ሁልጊዜ እንዲህ የምትታለብ ይመስለዋል። ሻጩ «ወተቷ ብዙ ነው» አላለም፤ ጡቷ ነው የተናገረለት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ከለከሉ፤ ገዢውም ካለባት በኋላ ሁኔታዋን ሲያውቅ ይዟት የመቅረት ወይም ከአንድ ሷዕ ቴምር ጋር የመመለስ ምርጫ እንዲኖረው አደረጉ። ልብ በሉ፤ እንስሳዋ አልታመመችም፤ አንካሳም አይደለችም። ገዢው የተጎዳው ከታየው ነገር ተነስቶ በገመተው ግምት ነው፤ ግምቱን ደግሞ ሆን ብሎ የሠራው ሻጩ ነው።

የኮምፒዩተር ገበያም የራሱ የተወጠረ ጡት አለው። ክዳኑ በአልኮል ተወልውሏል፤ ውስጡ ተጠርጎ እንደ አዲስ ተጭኗል፤ ባትሪው መቶ በመቶ ተሞልቶ ነው የሚቀርበው። መቶ በመቶ መሙላቱ ግን ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አይናገርም። የማክቡክ ባትሪ በአብዛኛው የተሠራው ለ1,000 ዙር ያህል ሙላት ነው፤ ከዚያ በኋላ አቅሙ እየደከመ ይሄዳል። ስንት ዙር እንደሄደ በራሱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» በሚለው ቦታ ተጽፎ ይገኛል፤ ከፍቶ ለማሳየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሻጩ ይህን ለማሳየት ጊዜ ካጣ፣ ክዳኑን ለመወልወል ከየት አገኘው?

የማስታወሻው መጠንም እንዲሁ ነው። በማክቡክ ኤር ላይ 8 ጂቢ ሆኖ የተገዛ 8 ጂቢ ሆኖ ይኖራል፤ እንደ ድሮዎቹ ላፕቶፖች ተከፍቶ አይጨመርም። መለዋወጫን በተመለከተ ደግሞ አፕል አንድን ሞዴል መሸጥ ካቆመ 5 ዓመት ሲያልፍ ሞዴሉን ከአሮጌ ይመድበዋል፤ 7 ዓመት ሲያልፍ በአብዛኛው ጥገናውን ይተዋል። አራተኛው ዓመት ላይ መሸጥ ለመጀመሪያው ባለቤት ብልህነት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የሚሸሸውን ነገር ግን የሆነ ሰው ይቀበለዋል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የቁልፉ ነገር ነው። በቅርብ ዓመታት የተሠሩት ማኮች ከባለቤቱ የአፕል አካውንት ጋር ይቆራኛሉ። ሻጩ አካውንቱን ሳያስወጣ ቢሸጥና ገዢው ውስጡን አጥፍቶ እንደገና ልጫን ቢል፣ ኮምፒዩተሩ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቃሉ ካልተገኘ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ብረት ሆኖ ይቀራል። ሻጩ ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ረስቶ ወደ ውጭ ሄዶ ይሆናል። የገዢው ገንዘብ ግን በመርሳትም ይጠፋል።

«ገዢው ራሱ መጠየቅ ነበረበት» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ መጠየቅ ይገባል፤ የሚያውቅ ሰው ይዞ መሄድም መልካም ነው። ነገር ግን የጠያቂው አለማወቅ የአዋቂውን ግዴታ አያነሳም። ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) በኩፋ የጨርቅ ነጋዴ እንደነበሩ ይታወቃል። ታሪካቸውን የጻፉ ሊቃውንት እንደሚያስተላልፉት፣ እንከን ያለበት አንድ ጨርቅ ለሸሪካቸው ልከው እንከኑን ለገዢው እንዲነግር አደራ አሉት። ሸሪካቸው ረሳና ሳይነግር ሸጠው፤ ገዢው ማን እንደሆነም ሊታወቅ አልቻለም። ኢማሙ የዚያን ዕቃ ዋጋ በሙሉ ሰደቃ አደረጉት። ከዋጋው ላይ የእንከኑን ያህል ብቻ ቀንሰው ማውጣት በቻሉ ነበር። እንዲያ አላደረጉም።

በሌላ ወገን ደግሞ የሽያጭ ዋጋን ሲያስቡ የሚውሉ ቤተሰቦች አሉ። ኮምፒዩተሩ ለልጆቹ ትምህርት ተገዝቶ ሳለ «ይጫጫራል» ተብሎ ከቁም ሳጥን አይወጣም። አራት ዓመት ሙሉ ለማያውቁት ገዢ ይጠብቁለታል፤ ልጁ ግን በጎረቤት ኮምፒዩተር ነው የሚማረው። ኢስራፍ ሲባል ብዙዎቻችን ውድ መግዛት ብቻ ይመስለናል። ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ ውድ መሣሪያ ቢገዛ እንጀራው ነው፤ ርካሹንም ቢሆን ገዝቶ ሳይጠቀሙበት ማስረጀት ግን ማባከን ነው። (በነገራችን ላይ ለመገልገያ የተገዛ ኮምፒዩተር ዘካ የለበትም፤ አትርፎ ለመሸጥ የተገዛ ከሆነ ግን የንግድ ዕቃ ነውና መስፈርቱን ሲያሟላ ዘካ አለበት።)

የብር ነገርም አንዳንዱን ሰው ያታልለዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ላፕቶፕ የገዛ ሰው ያገለገለውን ከገዛበት በላይ በብር ሊሸጠው ቻለ። «አተረፍኩ» ቢል ግን ሌላ ላፕቶፕ ሊገዛ በሄደ ዕለት ያገኘዋል። ዕቃው አልጨመረም፤ መስፈሪያው ነው ያነሰው።

የቀረው አንድ ከባድ ጉዳይ ነው። ያ የመጋቢቱን በኅዳሩ ዋጋ የገዛው ተማሪ እውነቱን አወቀ እንበል። ገንዘቡ የእናቱ ዕቁብ ነበር። አሁን ሊሸጠው ይፈልጋል፤ «ለእኔም እንዲሁ ነው የሸጡልኝ» ይላል። ልቡ ቢቆስል አይፈረድበትም። ነገር ግን የሚጠይቀው ያታለለውን ሰው ነው፤ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን ሊወስድ ወይም በልዩነቱ ሊስማማ ይችላል። ሻጩ ከጠፋ ደግሞ ጉዳቱ እርሱ ዘንድ ይቆማል፤ ወደ ሌላ እናት ዕቁብ አያሸጋግረውም። ከባድ ነው፤ ቀላል ነው ብለን አንዋሽም። ዘመድና ጎረቤት እዚህ ላይ ቢደርሱለት ለእነርሱም አጅር ነው። እርሱ ግን ሲያቀርበው «ኢንቴል ነው፤ ከሲኮያ አያልፍም፤ ባትሪው ይህን ያህል ዙር ሄዷል» ብሎ ያቅርበው፤ አካውንቱንም ገዢው እያየ ያስወጣ። ዋጋው በጣም ይወርዳል። በዚያ ዋጋ የሚገዛው ግን አይጠፋም፤ ለመጻፍና ለማንበብ ብቻ ኮምፒዩተር የሚፈልግ ሰው ብዙ ነውና።