ያልተወለደውን ማወቅ

የሰው ልጅ ከፍጥረቱ ነገን አስቀድሞ ለማወቅ ይጓጓል። ከዚህም ጉጉት ሁሉ የሚበረታው በማኅፀን ስላለው ልጅ የሚሰማው ነው። ቀድሞ እናቶቻችን የነፍሰ ጡርን የሆድ ቅርጽና የፊት መልክ አይተው «ወንድ ነው፤ ሴት ናት» እያሉ ይገምቱ ነበር፤ ከግምት አልፎ ማረጋገጥ የፈለገ ሰው ደግሞ ወደ ደብተራ ሄዶ አውደ ነገሥት ያስገልጥ ነበር። ግምቱ ቢስት የሚከፋ፣ ቢሠምርም የሚጎዳ ሰው አልነበረም፤ ያ ዕውቀት ምንም ነገር እንዲደረግበት የሚያስገድድ አልነበረምና።

በዘመናችን ግን ዕውቀቱ ከግምት ወደ እርግጠኛነት እየቀረበ በሄደ መጠን ቀድሞ ያልነበረ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ኢያን ዶናልድ የተባሉ የግላስጎው ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በድምፅ ሞገድ አማካይነት ፅንስን ማየት እንደሚቻል አስታወቁ። በሚቀጥለው ዓመት በፓሪስ ከተማ ዠሮም ለዠን፣ ማርት ጎቲዬና ሬሞን ቱርፐን ዛሬ ዳውን ሲንድረም የምንለው ሁኔታ ያላቸው ልጆች በ46 ክሮሞዞም ፈንታ 47 እንዳላቸው ገለጡ። (ስሙ ግን ከዚያ ቀድሞ በ1866 ስለ ሁኔታው ከጻፉት ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጆን ላንግደን ዳውን የመጣ ነው።) እንደዚሁም በፈረንጆች 1997 ዴኒስ ሎና ባልደረቦቻቸው የፅንሱ ዲ ኤን ኤ በእናቲቱ ደም ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ፤ በዚህ መንገድ የሚደረገውም ምርመራ ከ2011 ጀምሮ ለሕዝብ ቀረበ። እንግዲህ ዛሬ ከእርግዝናው 10ኛ ሳምንት ጀምሮ፣ ከእናት ክንድ በሚቀዳ ጥቂት ደም፣ ገና ዓለምን ስላላየው ልጅ ብዙ ነገር ማወቅ ተችሏል።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ባረገዘች ጊዜ ዕድሜዋ 36 ዓመት ነበር። በአዲስ አበባ ካሉት የግል ሐኪም ቤቶች በአንዱ የሚከታተሏት ሐኪም ካርዷን ካገላበጡ በኋላ «ዕድሜሽ ከ35 ዓመት ስላለፈ፣ ከፈለጋችሁ ደም ተወስዶ ወደ ውጭ አገር እየተላከ የሚመረመርበት መንገድ አለ» አሉንና ዋጋውንም ነገሩን። ዋጋው ከወር ደመወዜ ይበልጣል። ሆኖም ሳላመነታ «ይደረግ» አልሁ። ባለቤቴ በዚያ ስፍራ ምንም አልተናገረችም፤ ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን በመንገድ ላይ «ውጤቱ ቢመጣ ምን ልናደርግበት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በመዝገብ ቤት ሥራ 11 ዓመት ስቆይ ለማን እንደምመራው ሳላውቅ የተቀበልሁት ደብዳቤ የለም ማለት እችላለሁ። ይህን ግን ወዴት እንደምመራው አጣሁ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በአንድ ስም «ምርመራ» ብለን የምንጠራው ነገር በእውነቱ ብዙ ዓይነት ነው። የደም ማነስ፣ የደም ዓይነት፣ የስኳር፣ የቂጥኝና የኤች አይ ቪ ምርመራ አለ። የኤች አይ ቪን ብቻ ብንወስድ፣ ሕክምና ካልተደረገ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ከመቶ እናቶች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ቫይረሱን ለልጃቸው ያስተላልፋሉ፤ ሕክምና ሲደረግ ግን ይህ ቁጥር ከመቶ 5 በታች ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2016 ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ የመከረውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መንታ መሆኑንና የእንግዴ ልጁን ስፍራ አስቀድሞ ማወቅ የእናትንም የልጅንም ሕይወት ያድናል። እንዲህ ያለውን ምርመራ «አልፈልግም» ማለት ለእኔ ነፃነት አይመስለኝም። መድኃኒቱ በእጅ ሳለ ዓይንን መጨፈን ነውና፣ የሚጎዳውም ዓይኑን የጨፈነው ሰው ብቻ አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ ከጉዳዩ ጥቂት ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልናገር። የፅንሱ አከርካሪና አንጎል የሚሠሩበት ዘንግ የሚዘጋው ከተፀነሰ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ይህም ብዙዋ ሴት ማርገዟን ገና ሳታውቅ ማለት ነው። ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ አከርካሪው ተከፍቶ ይወለዳል፤ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችም ይህ ጉዳት ከብዙ አገሮች ይልቅ በእኛ ዘንድ እንደሚበዛ አሳይተዋል። ከእርግዝና በፊት ጀምሮ በየቀኑ የሚወሰድ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ግን አብዛኛውን ጉዳት ይከላከላል። አልትራሳውንዱ የሚነግረን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስለ ረቂቁ ምርመራ በየቡና ቤቱ የምንከራከር ሰዎች ስለዚህች ርካሽ ክኒን አንድ ቃል አለመናገራችን ያሳዝነኛል፤ እኔም ራሴ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ሁለተኛው ዓይነት ምርመራ የሚድን በሽታ የሚፈልግ ሳይሆን የሚመጣው ልጅ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን የሚጠይቅ ነው። ይህም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ቁርጥ ያለ አይደለም። በ25 ዓመት የምትወልድ እናት ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከ1,250 አንድ ያህል ሲሆን፣ በ35 ዓመት ከ350 አንድ፣ በ40 ዓመት ከ100 አንድ ያህል ይደርሳል። እንግዲህ 35 ዓመት የሞላቸው 1,000 ነፍሰ ጡሮች ቢሰበሰቡ እንዲህ ያለ ልጅ የያዙት 3 ያህል ናቸው። የፅንሱን ማጅራት በአልትራሳውንድ ለክቶ ከደም ምርመራ ጋር የሚያስተያየው የቀድሞው ዘዴ ከመቶ 5 ጊዜ ያህል በከንቱ ስለሚያስደነግጥ፣ ከእነዚያ 1,000 እናቶች መካከል 50 የሚሆኑት ልጃቸው ምንም ሳይኖረው «የሚያሠጋ ነገር አለ» ይባላሉ። በዲ ኤን ኤ የሚደረገው አዲሱ ዘዴ ስሕተቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን እርሱም ማጣሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው ከ15ኛው ሳምንት በኋላ በመርፌ ከሚቀዳው የሽርት ውሃ የሚገኝ ሲሆን፣ መርፌው ራሱ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ፅንሱን የማስወረድ አደጋ አለበት። በማጣሪያና በማረጋገጫ መካከል ያለውን ልዩነት ሳይረዳ የሚፈርም ባልና ሚስት ምን ላይ እንደ ፈረመ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ካነበብሁና ካሰላሁ በኋላም የባለቤቴ ጥያቄ እንደ ነበረ ቆየኝ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ራሴን ስመረምር ያገኘሁት ነገር የሚያኮራ አልነበረም። የልጁ መድከም፣ የትምህርቱ መዘግየት፣ የገንዘቡም ማነስ ቀድሞ አልመጣልኝም። ቀድሞ የመጣልኝ «ሰው ምን ይላል?» የሚለው ነው። ዘመድ ለአራስ ጥየቃ ገብቶ የልጁን ፊት አይቶ ዝም ሲል ታየኝ።

ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ አክስቴ ዘንድ ሳድግ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚያንስ ልጅ ነበራቸው። ንግግሩ የዘገየ፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ የተሰበሩ፣ ሰውን ሁሉ እያቀፈ የሚስም ልጅ ነበር። በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ለሁኔታው ስም የሚሰጠው ሰው አልነበረም፤ አንዳንዱ ቁጣ ነው፣ አንዳንዱ ልክፍት ነው ይላል። እንግዳ በመጣ ጊዜ ልጁ ወደ ጓዳ ይገባል፤ በሩም ይዘጋል። በሩን የምዘጋው እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን ከሩቅ አገር የመጡ ሽማግሌ «ልጆቹ ስንት ናቸው?» ብለው ሲጠይቁኝ «እኔ ብቻ ነኝ» አልኋቸው። ማንም እንዲህ በል ብሎ አላዘዘኝም። በቤቱ ውስጥ የሚፈለገው መልስ ምን እንደ ሆነ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳይነገረው ያውቀዋል። አክስቴን በዚህ አልወቅስም፤ ልጃቸውን አብልተውና አጥበው ያሳደጉ እርሳቸው ናቸው፤ የወቀሳቸውም ሰው ሁሉ አንድ ቀን አላገዛቸውም።

እንግዲህ ምርመራው የሚጠይቀው ስለ ልጁ ብቻ አይደለም። ልጁ ስለሚገባበት ቤትም ይጠይቃል፤ መልሱንም አስቀድሞ የሚያውቀው ቤቱ ነው። በዴንማርክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ ይህ ማጣሪያ ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ ይቀርባል፤ ዳውን ሲንድረም መሆኑ ከተረጋገጠላቸው እናቶችም ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት እርግዝናውን ያቋርጣሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። ሆኖም እያንዳንዱ በነፃነት የወሰነው ውሳኔ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል፣ የተለየውን ልትመርጥ የምትሻ እናት «ለምን አስቀድመሽ አላወቅሽም?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃታል ብዬ እፈራለሁ። በሌላም በኩል በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ሰዎች በ1983 በአማካይ 25 ዓመት ያህል ይኖሩ የነበሩት ዛሬ ወደ 60 ዓመት ደርሰዋል። ክሮሞዞሙ ያው ነው፤ የተለወጠው የሐኪሙ፣ የትምህርት ቤቱና የቤተሰቡ አያያዝ ነው።

ይህን በማለቴ በሌላ መንገድ በሄደች እናት ላይ ለመፍረድ የተነሣሁ እንዳይመስል እፈልጋለሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 551፣ ፅንሱ የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ያለበት ሲሆን እርግዝናውን ማቋረጥ እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ሕግ አውጪው ይህን የጻፈው የእናትን ሸክም አይቶ ይመስለኛል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በአገራችን የተለየ እንክብካቤ የሚያሻው ልጅ ሲወለድ ሥራዋን ትታ ቤት የምትውለው እናት ናት፤ አባት ቢሮው ይሄዳል፤ ጥሎ የሄደም አለ። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ስንል የምንመኘው ለእርሷ ነው፤ ከወለደችም በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንለው እርሷን ነው። ምኞቱ የእርሷ ከሆነ ውሳኔውም የእርሷ ሊሆን ይገባል፤ የሚፈርም ባልም ከመፈረሙ በፊት ዝም ብሎ መስማት ይገባዋል። እኔ ግን ሳትጠየቅ «ይደረግ» ያልሁ ነኝ።

ስለዚህም ከጥቂት ቀን በኋላ ለባለቤቴ የልጅነቴን ነገር፣ በሩንም፣ ሽማግሌውንም ነገርኋትና «እንግዲህ አንቺ እንዳልሽ ይሁን፤ ምርመራውን እንተወው» አልኋት። ይህን ስል ልዕልና የተሞላበት ንግግር የተናገርሁ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን «እኔ እንተወው አላልሁም፤ ምን ልናደርግበት ነው ብዬ ነው የጠየቅሁት» አለችኝ። ቀጥላም ከሐኪሙ እንደሰማችው ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ልባቸው ላይ ችግር ይዘው እንደሚወለዱ፣ አስቀድሞ ከታወቀ የልብ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል መውለድ እንደሚሻል አስረዳችኝ። «እኔ ልጄን በማንኛውም መልክ ቢመጣ እቀበለዋለሁ፤ የሚዘጋጅበት ጊዜ የሚያሻህ አንተ ነህ» አለች።

በዚህ አነጋገሯ በሁለቱ የምርመራ ዓይነቶች መካከል ያሰመርሁት መስመር ፈረሰ። የሚድነውን በሽታ የሚፈልገውና ሰውን የሚመርጠው ምርመራ ያው አንድ ብልቃጥ ደም ሊሆን ይችላል፤ የሚለያቸው ጠያቂው ለመልሱ ያዘጋጀለት ቦታ ነው። ለመልሱ ቦታ ሳያዘጋጅ የሚጠይቅ ሰው ቢቆይ ይሻለዋል፤ ላለመጠየቅ የሚወስንም ሰው ፍርሃቱን ትሕትና ብሎ እንዳይጠራው ሊጠነቀቅ ይገባል። እኔ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሠርቼዋለሁ።

ገንዘቡን ከዕቁብ ተበድረን ደሙ ተላከ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ዐሥራ ሁለት ቀን ቆየን። ውጤቱን በዚህ አልጽፈውም፤ ቢሆንም ባይሆንም የልጁ ጉዳይ ነው።

በመካከሉ በነበረው እሑድ ባለቤቴን ይዤ አክስቴን ልጠይቅ ሄድሁ። ከሄድሁ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። አክስቴ አርጅተዋል፤ ልጃቸውም ጺም አውጥቷል። በሩን አንኳኩቼ እንደገባሁ እንደ ልማዴ ዓይኔ ወደ ጓዳው ሄደ፤ በሩ ክፍት ነበር። አክስቴ «እንግዳ መጣ፤ ረከቦቱን አምጣ» ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ። እርሱም ረከቦቱን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ስኒዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ለባለቤቴም አንድ ስኒ ጨመረላት።