የማይታየው ድንበር
ስለ ምርጫ ክልሎችና ስለ ገጠሩ ሕዝብ ፍትሐዊ ውክልና



በገጠር ያደግን ሁሉ የድንበርን ነገር በሚገባ እናውቃለን። አንድ ገበሬ በእርሻ ወቅት በየዓመቱ አንዲት ትልም ብቻ ወደ ጎረቤቱ ማሳ እየገፋ ቢያርስ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጎረቤቱ መሬት ጠብቦ ይገኛል። በዚህም ጠብ ይነሣል፤ ሽማግሌዎች ይጠራሉ፤ እነርሱም በቦታው ተገኝተው የቀድሞውን የድንበር ድንጋይ ፈልገው ይፈርዳሉ። የባልንጀራን ድንበር መግፋት ቀላል ነገር እንዳልሆነ፣ ኦሪት ዘዳግም ይህን የሚያደርገውን ሰው ከተረገሙት ጋር መቍጠሩ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ድንጋይ ያልተተከለበት፣ በዓይንም የማይታይ ሌላ ድንበር አለ። ይኸውም የምርጫ ክልል ድንበር ነው። ገበሬው ከማን ጋር ሆኖ ድምፁን እንደሚሰጥ፣ በምክር ቤትም ማን ስለ እርሱ እንደሚናገር የሚወስነው ይህ መስመር ነው። መስመሩ በሩቅ ከተማ፣ በወረቀት ላይ የሚሠመር ስለሆነ፣ አንዲት ትልም ቢገፋም ባለቤቱ ወዲያው አያውቅም። ስለዚህ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል፤ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት በክብር እኩል ከሆነ፣ ድምፁም እኩል ይመዝን ዘንድ ይህ ድንበር እንዴት ሊሠመር ይገባዋል? ከመንገድና ከከተማ ርቆ የሚኖረው ሕዝብስ በምን ዓይነት መንገድ ቢወከል ነው ፍትሕ የሚሆነው?

ይህ ጥያቄ በአደባባይ ከተከራከሩባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በአላባማ ግዛት የምክር ቤት መቀመጫዎች የተደለደሉት እ.ኤ.አ. በ1900 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ወደ ከተማ ቢፈልስም፣ ድልድሉ ከስልሳ ዓመት በላይ ሳይታደስ ቆየ። በመጨረሻም ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረው የጄፈርሰን አውራጃና 15,417 ሕዝብ ብቻ የነበረው የላውንድስ አውራጃ በግዛቲቱ የላይኛው ምክር ቤት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ እንደራሴ ነበራቸው። እንግዲህ የላውንድስ ነዋሪ ድምፅ ከጄፈርሰን ነዋሪ ድምፅ ወደ አርባ እጥፍ ይመዝን ነበር ማለት ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 ጉዳዩን መርምሮ፣ እንደራሴ የሚወክለው ሰውን እንጂ መሬትን እንዳልሆነ በመግለጽ፣ ሁለቱም የግዛቲቱ ምክር ቤቶች በሕዝብ ብዛት መሠረት እንዲደለደሉ ወሰነ።

አንዳንዶቻችን ይህን ስንሰማ፣ «ታዲያ ይህ ገጠሩን ጠቀመ እንጂ ምን ጎዳው?» ልንል እንችላለን። ነገሩን ግን ጠለቅ ብለን እንመልከት። በላውንድስ ከሚኖረው ሕዝብ ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ጥቁር ነበር፤ አብዛኛውም በእርሻ ሥራ የሚተዳደር ድኻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 መባቻ ከእነዚህ ጥቁር ነዋሪዎች መካከል በመራጭነት የተመዘገበ አንድም ሰው አልነበረም። እንግዲህ ያ በገጠሩ ስም የተያዘ መቀመጫ የማን ነበር? የመሬቱ ባለቤቶች የጥቂቶቹ ነበር እንጂ መሬቱን በላባቸው የሚያርሱት የብዙዎቹ አልነበረም። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። ለአንድ አካባቢ መቀመጫ መስጠትና በዚያ አካባቢ የሚኖረውን ሰው መወከል አንድ አይደሉም። «ለገጠሩ» ተብሎ የሚደረግ ነገር ሁሉ ለገጠሩ ሰው የተደረገ ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ሕዝቡን ቈጥሮ እኩል ማካፈል ብቻ ይበቃልን? እዚህ ላይ ሌላ ችግር ያጋጥመናል። ከተማ ውስጥ ያለ አንድ እንደራሴ መራጮቹን በአንድ ቀን በእግሩ ሊጎበኛቸው ይችላል። በቆላና በደጋ፣ በወንዝና በገደል የተለያዩ ቀበሌዎችን የሚወክለው ግን ያንኑ ያህል ሕዝብ ለማግኘት ሳምንታት ያስፈልጉታል። መራጩም ቢሆን አቤቱታውን ለማድረስ በሬውን ፈትቶ፣ ሥራውን ጥሎ፣ ስንቁን ይዞ መጓዝ ይኖርበታል። በቍጥር እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች በመሰማት ረገድ እኩል ሳይሆኑ ሊቀሩ ይችላሉ።

በካናዳ የሳስካችዋን ግዛት የተነሣው ክርክር ይህንኑ የሚመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ሕግ 29 የምርጫ ክልሎችን ለከተማ፣ 35ቱን ለገጠር፣ 2ቱን ሕዝቡ ተራርቆ ለሚኖርበት ለሰሜኑ ክፍል መደበ። የአንድ ክልል ሕዝብ ብዛት ከአማካዩ በሃያ አምስት በመቶ፣ በሰሜኑ ደግሞ በሃምሳ በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ተፈቀደ። የከተማው ሰው ድምፁ መቅለሉን በመቃወም ነገሩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1991 በአብላጫ ድምፅ ሕጉን አጸና፤ የመምረጥ መብት ዓላማ የቍጥር እኩልነት ብቻ ሳይሆን በተግባር መወከል ነውና፣ የመልክዐ ምድር፣ የታሪክ፣ የማኅበረሰብ አኗኗርና የአናሳዎች ጉዳይ ሊታሰብ ይገባዋል አለ። ከዘጠኙ ዳኞች ሦስቱ ግን አልተስማሙም።

የአላባማንና የሳስካችዋንን ፍርድ አንድ ላይ ስናያቸው የሚቃረኑ ሊመስሉን ይችላሉ። በእኛ አስተያየት ግን አንዱ ሌላውን ያሟላዋል። መነሻው እኩልነት ነው፤ ከዚያ ፈቀቅ የሚል ሁሉ ምክንያቱን በግልጽ መናገር አለበት። ርቀቱ፣ የመንገዱ እጦት፣ የሕዝቡ መበታተን በቂ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። የአንድ ወገን ማሸነፍ፣ የባለሥልጣን ምቾት፣ የቸልተኝነት ልማድ ግን ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ጉዳይ በዝምታ አላለፈውም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ፣ ከእነዚህም ውስጥ የተለየ ውክልና ለሚያስፈልጋቸው አናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ እንዲኖራቸው በአንቀጽ 54 ደንግጓል። በአንቀጽ 103 ደግሞ የሕዝብ ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ በውጤቱና በምርጫ ቦርድ ረቂቅ መሠረትም የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን አከላለል እንዲወስን አዟል። እንግዲህ ቍጥሩም ልዩ ሁኔታውም ታስቦባቸዋል።

ነገር ግን የተካሄደው የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የተገኘ ሲሆን፣ ከመቶው ሰማንያ አራት ያህሉ የገጠር ነዋሪ ነበር። ይህ ሕዝብ ለ547 መቀመጫዎች ቢካፈል፣ አንድ እንደራሴ ወደ 135 ሺህ ሰው ይደርሰው ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ከጸጥታ ችግርና ከሕዝብ መፈናቀል ጋር በተያያዘ እንዲራዘም ተደረገ። በ1999 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዛሬ ራሱ መራጭ ለመሆን በቅቷል። በእነዚህ ዓመታት ስንቱ መንደር ተፈናቀለ፤ ስንቱ ወጣት ወደ ከተማ ሄደ፤ ስንቱ አዲስ ቀበሌ ተቆረቆረ! ሰላም በሌለበት ቆጠራ ማካሄድ አስቸጋሪ መሆኑን አንዘነጋም። ሆኖም የአላባማ ታሪክ እንደሚያስተምረን፣ ድንበርን በእጅ መግፋት ብቻ ሳይሆን ዘመን ሲለወጥ ሳያስተካክሉ ዝም ብሎ መተውም ሰውን ከድርሻው ያጎድላል። በማድረግ ብቻ ሳይሆን ባለማድረግም እንደምንበድል በየኑዛዜያችን የምናስበው ነውና።

ኦሪት ዘኍልቍ በዚህ ረገድ ልናስተውለው የሚገባ ታሪክ ይዟል። በምዕራፍ 26 ሕዝቡ ይቈጠራል፤ ለብዙው ብዙ፣ ለጥቂቱም ጥቂት ርስት እንዲሰጥ ይታዘዛል። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ስሌት የሚገኝ አይመስልም። ወዲያው በምዕራፍ 27 ግን የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ይቆማሉ። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይወልድ ስለ ሞተ ከርስቱ ሊቀሩ ነበር። ሙሴም ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ እግዚአብሔርም እውነታቸውን ነው ብሎ ፈረደላቸው። ቆጠራው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ቆጠራው ያልደረሰባቸው ቆመው መናገር፣ ሹሙም ቆሞ መስማት አስፈለገ።

ብፁዕ ዮሐንስ 23ኛ፣ አሁን በቅዱስነት የሚታወቁት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት «ማቴር ኤት ማጂስትራ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት፣ ገበሬዎች የራሳቸው ዕድገት ዋነኛ ባለቤቶች ሊሆኑ እንደሚገባ አስተምረዋል። ስለዚህ የገጠሩ ሰው ሌሎች የሚያስቡለት ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም።

እንግዲህ እኛ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ምን እናድርግ? ቤተ ክርስቲያን ማን ይመረጥ አትልም፤ የምርጫ ክልል ካርታም አትሥልም። ነገር ግን ቆጠራ በሚመጣበት ጊዜ አቅመ ደካማው፣ ባልቴቷ፣ በሰው ቤት ያደገው ልጅ፣ ተፈናቅሎ የመጣው እንግዳ ሳይዘለሉ እንዲቈጠሩ ማሳሰብ እንችላለን። ምእመናን የሚኖሩበትን የምርጫ ክልልና የእንደራሴያቸውን ስም እንዲያውቁ ልንረዳቸው እንችላለን። ድንበር ሲለወጥም፣ ማን ሠመረው? በምን ምክንያት? ከመሠመሩ በፊት የሚነካቸው ሰዎች ተጠይቀዋልን? ብለው በትሕትና ግን ያለ ፍርሃት መጠየቅን እናስተምራቸው። ለውጡ ለራሳችን ወገን በሚጠቅምበት ጊዜም ይህንኑ ጥያቄ ለመጠየቅ እንድፈር፤ እውነተኛነታችን የሚፈተነው በዚያን ጊዜ ነውና።

የማሳው ድንበር ሲገፋ ሽማግሌዎች ወደ ቦታው ሄደው ሁለቱንም ወገን ሰምተው ይፈርዳሉ እንጂ ከቤታቸው ተቀምጠው አይፈርዱም። ለማይታየውም ድንበር የምንሻው ፍትሕ ከዚህ ያነሰ ሊሆን አይገባም።