ሳጥኑ አልተሰበረም

መጀመሪያ አንድ የቋንቋ ጣጣ እንፍታ። በአማርኛ በሩ ላይ የተንጠለጠለውም ኪሳችን ውስጥ ያለውም «ቁልፍ» ነው የሚባለው። እዚህ ግን እንዳንደናገር የሚቆልፈውን ጓጉንቸር፣ የሚከፍተውን ቁልፍ እላለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጓጉንቸርን ያለ ቁልፉ መክፈት የትርፍ ጊዜ ጨዋታዬ ካደረግኩት ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይሄን ስናገር ሰው መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ ቀጥሎ ቦርሳውን ወደ ራሱ ጠጋ ያደርጋል።

ቀን ቀን ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ማታ ማታ ግን ስክሪን ያልሆነ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር አማረኝ። አንድ ቅዳሜ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄጄ ቁልፋቸው የጠፋ አሮጌ ጓጉንቸሮች ለቃቀምኩ። ሻጩ «ቁልፍ የላቸውም እኮ!» አለኝ። «እሱን ብዬ ነው የመጣሁት» ስለው ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። መሣሪያዎቹን ራሴ ሠራኋቸው። አንዱ ከአሮጌ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ውስጥ የወጣ ቀጭን ብረት ነው፤ ጫፉን አጠፍኩት። ሌላው የተሰበረ የሴጌቶ ስለት ነው፤ ጫፉ ትንሽ መንጠቆ እስኪመስል በሞረድ ሞረድኩት። በቃ፣ ለመጀመር ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ውስጡን ካየነው፣ ተራ ጓጉንቸር ቁልፉ የሚገባበት የሚሽከረከር በርሜል አለው። በበርሜሉ ላይ በተርታ አራት ወይም አምስት ቀዳዳዎች አሉ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዱ ባንዱ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጥቃቅን ፒኖች አሉ፤ ከበላያቸው ደግሞ ቁልቁል የምትገፋ ሞላ አለች። ፒኖቹ በርሜሉንና ዋናውን አካል ሰንገው ስለያዙት በርሜሉ አይዞርም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ፒን በልኩ ያነሱታል። የሁለቱ ፒኖች መጋጠሚያ ከበርሜሉ ጠርዝ ጋር እኩል ሲሆን፣ ይዞራል።

ደካማ ጎኑ የሚመጣው ከፋብሪካ ነው። ቀዳዳዎቹ ፍጹም በአንድ መስመር ላይ መሆን ነበረባቸው፤ ግን በሚሊሜትር ቁራሽ ይዛነፋሉ። ስለዚህ በርሜሉን በቀስታ ወደ ጎን ስትገፉት ሁሉም ፒኖች እኩል አይያዙም፤ አንዱ ቀድሞ ይያዛል። እሱን ፈልጋችሁ በመንጠቆው ስታነሱት ቀጭ ይላል፤ በርሜሉም የፀጉር ያህል ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ነው። በኔ ሙያ ቋንቋ ላስረዳችሁ። አምስት ፒን እያንዳንዱ ስድስት ከፍታ ቢኖረው 7,776 ዓይነት ቁልፍ ይወጣዋል። ግን ጓጉንቸሩ ለእያንዳንዱ ፒን ለየብቻ «ልክ ነህ» እያለ ከነገራችሁ ቢበዛ 30 ሙከራ ይበቃል። የይለፍ ቃልን ፊደል በፊደል እያረጋገጠ የሚነግራችሁ ሲስተም አስቡ። ማንም ፕሮግራመር እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ ቢያቀርብ እንስቅበታለን። በራችን ላይ ግን ሰቅለነዋል።

የመጀመሪያዬ ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ሲከፈት ብቻዬን ጮህኩ። በማግስቱ ግን የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስወጣ የጎረቤቶቼን ጓጉንቸሮች አንድ በአንድ እያየሁ እንደምወጣ አስተዋልኩ። ይሄኛው ቀላል፣ ያኛው ትንሽ ያስቸግራል። በዚያች ደረጃ ላይ ነው ጥያቄው የመጣብኝ፦ እንዲህ ያለውን ነገር ማወቅ በራሱ ነውር ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ዘመን አልፍሬድ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ የቁልፍ ባለሙያ እንግሊዞች የሚመኩባቸውን ጓጉንቸሮች ከፍቶ አሳፈራቸው። ከነዚህ አንዱ የጆሴፍ ብራማ ሥራ ነበር። ሱቁ መስኮት ላይ ከፍቶ ላሳየ 200 ጊኒ እንደሚሸለም ተጽፎበት ከስልሳ ዓመት በላይ ያለ ተሸናፊነት ተቀምጧል። ሆብስ በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ታግሎ ከፈተው። ያኔም «ይሄ ሌባን ማስተማር ነው» የሚል ክርክር ተነሣ። የሆብስ ወገኖች መልስ ቀላል ነበር፦ ሌባው ድሮም ያውቀዋል፤ የማያውቀው ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛው ሰው ነው። ዛሬ የኮምፒዩተር ደኅንነት ሰዎች ክፍተት ሲያገኙ ይፋ የሚያደርጉት በዚሁ ምክንያት ነው። እኔም በዚህ መልስ ረክቼ ከረምኩ። የጨዋታው ሰዎች ዓለም ላይ በሙሉ የሚስማሙባቸው ሁለት ሕጎችም አሉ። የራስህ ያልሆነውን፣ ወይም ባለቤቱ ያልፈቀደልህን አትክፈት። ሥራ ላይ ያለ ጓጉንቸርም አትነካካ። በነዚህ ሁለት ሕጎች ጨዋ ሰው ነኝ ብዬ ነበር።

ከዚያ እማዬ ጠራችኝ።

ታናሽ እህቴ ካምፓስ ከገባች ወዲህ ዝምተኛ ሆናለች። ታመሻለች፣ ስልክ ስታወራ ወደ በረንዳ ትወጣለች። አልጋዋ ሥር የብረት ሳጥን አለቻት፤ ትንሽዬ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎባታል። እናቴ እንቅልፍ አጥታ ነበር። «ልጄ፣ አንተ እንዲህ ያለውን ትከፍት የለ?» አለችኝ። «የፈራሁት ነገር አለ። ክፉ ነገር ውስጥ ገብታ ቢሆንስ?» ወላወልኩ። እሷ ቀጠለች፦ «ሳጥኑንም እኮ የገዛሁላት እኔ ነኝ። አደራ፣ እንዳትሰብረው ብቻ።»

ሕጎቼን ቆጠርኩ። ቤቱ የእናቴ ነው። ሳጥኑም የእናቴ ነው። ባለቤቱ ፈቅዷል። ልክ ያልሆነ ነገር እንዳለ ሆዴ ያውቅ ነበር፤ ግን ሕጉ ክፍተት ነበረው፤ እኔ ደግሞ ክፍተት መፈለግ ሥራዬ ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደነበር አልጽፍም። አንድ ጊዜ ከፍቼዋለሁ፤ ለሁለተኛ ጊዜ እናንተ ፊት አልከፍተውም። እናቴ የፈራችው ነገር እንዳልነበረ ብቻ ልንገራችሁ። አየን፣ ሁሉንም በቦታው መለስን፣ ጓጉንቸሩን ቀጭ አድርጌ ዘጋሁት። እናቴ «ተመስገን» ብላ እንቅልፏን ተኛች። እኔ ግን አልተኛሁም።

ያስጨነቀኝ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሳጥኑን በመዶሻ ሰብረነው ቢሆን ኖሮ እህቴ በዚያኑ ማታ ታውቅ ነበር። ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች፣ እናቴ ትመልስላታለች፤ ጠብ ይሆናል። ግን ጠቡ የእሷም ይሆን ነበር። እኛ ያደረግነው ከዚያ የባሰ ነው። ሳጥኗ ዛሬም የተቆለፈ ይመስላታል። የተነካውን ብቻ ሳይሆን መነካቱን የማወቅ መብቷንም ወሰድንባት።

እዚህ ላይ ሆብስ ስለከፈተው ሌላ ጓጉንቸር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1818 ጄረሚያ ቻብ የሚባል እንግሊዛዊ የፈጠረው ዓይነት ነው። ብልሃቱ መከልከሉ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው ያለ ቁልፉ ሲጎረጉረው ውስጡ ያለ ሞላ ይነክስና ይቆለፋል። ከዚያ ባለቤቱ በራሱ ቁልፍ ሊከፍት ሲሞክር እምቢ ይለዋል፤ የሆነ ሰው እንደነካካበት በዚያ ያውቃል። ሆብስ ይህንንም በ25 ደቂቃ ገደማ ከፍቶ መልሶ ቆልፎታል። ስለ ሆብስ ሳነብ የሚደንቀኝ ጣቱ ነበር። አሁን የሚደንቀኝ የቻብ ሐሳብ ነው። ሁሉንም ሌባ ማስቆም አይቻል ይሆናል፤ ግን ባለቤቱ ሳያውቅ እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል ብሎ አሰበ። እኛ ሶፍትዌር ሰዎች ይሄንን «ሎግ» እንለዋለን፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደነካ የሚመዘገብበት።

ሥራ ቦታዬም ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ የምሠራበት ዳታቤዝ ውስጥ የብዙ ሰው ስም፣ ስልክና ክፍያ አለ። ለኔ ጓጉንቸር እንኳ የለውም፤ ለሥራዬ ስለሚያስፈልግ ቁልፉ ተሰጥቶኛል። የማውቀውን ሰው ስም ጽፌ ብፈልግ ማንም አይሰማም፤ ቀጭ የሚል ነገር የለም። የእናቴን በር የሚያንኳኳ ሌባ በጓጉንቸሩ ይፈተናል። እኔን የሚፈትነኝ ግን ምንም ብረት የለም። መክፈት የማይችል ሰው ሳጥን ባለመክፈቱ አይመሰገንም፤ አልቻለማ። ለሚችል ሰው ግን ጓጉንቸር ብረት መሆኑ ያበቃል፤ ቃል ብቻ ይሆናል፦ «ይሄ ያንተ አይደለም»። ቃል ደግሞ የሚከበረው በሰሚው ነው።

«የእናት ጭንቀትስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ ቀላል አይደለም። ቤት በእሳት ተያይዞ በሩን የሚሰብር ሰው አይወቀስም። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው ብዬ ከልቤ ባምን አሁንም እከፍታለሁ። ግን ያኔ እሰብረዋለሁ። ወይም ከፍቼ ሳጥኑን ክፍት እተወዋለሁ፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬም እጠብቃታለሁ። አድራጎቴ ልክ መሆኑን የምለካበት መለኪያ አሁን ይሄ ነው፦ ዱካዬን ሳልደብቅ ላደርገው እችላለሁ? የማልችል ከሆነ ምክንያቴ ጭንቀት ሳይሆን ጉጉት ነው ማለት ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ለእህቴ ነገርኳት። መጀመሪያ እናቴን አስፈቀድኩ፤ ተቆጣች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ «ንገራት፣ እኔም አልቻልኩም» አለችኝ። እህቴ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሦስት ወር ሙሉ አብረን እራት ስንበላ ታውቅ ነበር?» አዎ አልኳት። ለሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። ሳናገራት ዝም ማለቷ ከበደኝ፤ ግን ይሄ ጠብ ከሦስት ወሩ ሰላም ይሻል ነበር።

ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ጀምሩ። ትዕግሥት ያስተምራል፣ እጅ ያሠለጥናል፣ የምትተማመኑበት ነገር ምን ያህል እንደሚያስተማምንም ያሳያችኋል። ርካሽ ጓጉንቸር ግዙ፣ ቁልፍ ባይኖረውም ችግር የለም። ሁለቱን ሕጎች ያዙ። ከኔ ደግሞ ሦስተኛ ጨምሩባቸው፦ ባለቤት ማለት ሳጥኑን የገዛው ብቻ አይደለም፤ የቆለፈውም ነው።

የእህቴ ሳጥን አሁንም አልጋዋ ሥር ነው። ጓጉንቸሩንም አልቀየረችውም። «ልግዛልሽ? የሚያስቸግር ዓይነት አውቃለሁ» ብያት ነበር። «ላንተ ብዬ?» አለችኝ። «ተወው፣ ይሄው ይበቃል።»