ባዳው ጆሮ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲባል ነገሩ ስለ ሐሜት ነው። ስለ አንድ ሰው ሰፈሩ ተነጋግሮ ሲያበቃ መጨረሻ የሚሰማው ራሱ ነው። ጆሮ የሌላውን ሁሉ ሲለቅም ይውልና የጌታው ጉዳይ ያመልጠዋል። ተረቱ ከሐሜትም የሰፋ ነገር እንደያዘ የገባኝ ግን ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የዲኤስቲቪ ወርሃዊ ክፍያችንን ካቆምን በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት እኛ ቤት የእንግሊዝ አሰልጣኝ ሲባረር የማይሰማ አልነበረም። የቱርክ ድራማዋ ሙሽራ ማን እንደከዳትም ሁላችን እናውቃለን። ልጃችን ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ወሬ ግን ማስታወቂያ እስኪገባ ይጠብቃል፤ ማስታወቂያው ሲያልቅ ወሬውም መሀል ላይ ይቀራል። ባዳነት ማለት ይኸው ነው።

ቴሌቪዥን ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ጣቢያው አንድ ነበር፣ የሚሠራውም ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጎረቤቱን ይሰበስብ ነበር። ከዚያ በየጣሪያው ዲሽ ተተከለ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ ሲመጣ፣ የባዕድ ቋንቋ የማይገባቸውም ሰዎች ከሶፋቸው መነሳት አቃታቸው። እንዲያውም መብራት የሄደ ማታ ነው ሰዉ ኮሪደር ላይ ወጥቶ የሚጫወተው። ይህን ሁላችንም እያየን ስንት ዓመት ኖርን።

ክፍያውን ስናቆም የጠበቅነው ዝምታ ግን እንዳሰብነው አልመጣም። ገርጂ በ1990ዎቹ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም መጀመሪያ የተሞከረበት ሰፈር ነው፤ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ግድግዳው የተሠራው ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ነው። የኛ ቴሌቪዥን ሲጠፋ የጎረቤት የሁለት ሰዓት ዜና ቁልጭ ብሎ ይሰማል፤ ጎል ሲገባ ከላይ ያሉት ሲጮኹ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። ዓይን ይከደናል፣ ጆሮ ግን መክደኛ የለውም። ጸጥታ የብሎኩ ሁሉ ስምምነት እንጂ የአንድ ቤት ውሳኔ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ተረዳሁ።

ተረቱ በጥንቱ ትርጉሙም ደረሰብን። ደረጃው ላይ «እነዚያን ሰዎች ምን ነካቸው? አባወራው ከሥራ ሳይወጣ አይቀርም፤ ዲሹ እንኳ ተቆርጦባቸዋል» እየተባለ ከረመ። እኛ የሰማነው ከሁሉም በኋላ፣ ያውም ከጥበቃው ነው። ባለቤቴ አልተቀየመችም። የጎን ጎረቤታችንን «እትዬ፣ ነገ ቡና እኛ ጋ ነው» ብላ ጠራቻት።

ሆኖም ቴሌቪዥንን ከቤት አውጥቶ መጣል ጽድቅ ነው አልልም። አማቴ ጉልበታቸው ታሟል፤ ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ወጥቶ መውረድ አይሆንላቸውም። ለእሳቸው ቅዳሴ ማለት በቤተ ክርስቲያኒቱ ጣቢያ የሚተላለፈው ነው። ያንን ድምፅ መንፈግ ጭካኔ ይሆን ነበርና ዲሹን አላወረድነውም፤ በነፃ የሚገቡት ጣቢያዎች አሉ። አማቴ ሲፈልጉ ይከፈታል፣ ሲጨርሱ ይጠፋል። ሲጠፋም ስለ ልጅነታቸው ያወራሉ፤ ለስንት ዓመት አብረን ኖረን ያልሰማነውን።

ተረቱ ጆሮን ባዳ ሆኖ የተፈጠረ ያስመስለዋል። እኔ ያየሁት ግን እኛው ለሌላ ቀጥረነው እንደኖርን ነው። ለሐሜቱ ተረቱ እውነት ነው፤ የሚያማን ሰው እኛ እንድንሰማ ብሎ አይናገርምና። ለገዛ ልጅና ለአማት ወሬ ግን ሰበብ ሊሆነን አይገባም።

ጎረቤታችን አሁን ሳትጠራ ትመጣለች። በዚያው ብሎኬት በኩል ቡና ሲወቀጥ ይሰማታል። ድራማዋ ሲደርስ ተነስታ ትሄዳለች፤ እኛም አንይዛትም።