ለጎረቤት ዋይፋይ ስትሰጪ

ልጄ፣ መቱ ላይ ቤት ተከራይተሽ ኢንተርኔት ማስገባትሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። «አዲስ ራውተር ልግዛ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ያለሽን በወጉ ቆልፊው።

ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት «ፓስወርዱን ንገሪኝ» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል፤ እምቢ በይም አልልሽም። ኢሉባቦር ላይ ሰው የሚኖረው በጉርብትና ነው። ነገር ግን ያ ፓስወርድ ከጎረቤት ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ጓደኞቹ ይሻገራል፤ ወር ሳይሞላ ማን እየተጠቀመበት እንዳለ አታውቂም። የገባው ሁሉ ደግሞ ከላፕቶፕሽ ጋር አንድ መረብ ላይ ነው። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም አይደል? ራውተርሽ «ጌስት ኔትወርክ» የሚባለው ካለው ክፈቺው፤ ስሙም ፓስወርዱም ለብቻው ይሁን። ለሰው የምትሰጪው እሱን ነው። በየጊዜው ብትቀይሪውም ማንም አይቀየምሽም።

ይህን ለማስተካከል ራውተሩን ገልብጪው። ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አድራሻው (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው)፣ የመግቢያ ስሙና ፓስወርዱ ተጽፈዋል፤ አድራሻውን በብራውዘር ከፍተሽ በእነሱ ግቢ። ይህኛው ፓስወርድ ከዋይፋዩ የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው ሳይነካው ይኖራል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በዚያ በኩል የገባ ሰው ዲኤንኤስ የሚባለውን ቅንብር ለውጦ፣ አንቺ የባንክሽን ገጽ የከፈትሽ ሲመስልሽ ወደ አስመሳይ ገጽ ሊወስድሽ ይችላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የብዙዎቻችን ገንዘብ በስልካችን ውስጥ ነው፤ ነገሩ የዋዛ አይደለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ቀይሪውና በወረቀት ጽፈሽ ሰው የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው። እዚያው ሳለሽ ደብልዩፒኤስ የሚለውን አጥፊ፤ ቁልፉም ደብልዩፒኤ2 ወይም 3 መሆኑን እዪ። ከደብልዩኢፒ በላይ የማያውቅ አሮጌ ራውተር ከሆነ ግን ያኔ ግዢ፤ ይህ ቁልፍ በደቂቃዎች የሚሰበር ነው።

መብራቱን በተመለከተ፣ ራውተር ብዙ አይበላም። 8 ዋት የሚስብ ራውተር ዓመቱን ሙሉ ቢበራ 70 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ፋይል ማስቀመጫ ብለሽ ሌት ተቀን የምታበሪው አሮጌ ዴስክቶፕ ግን 100 ዋት ቢስብ 876 ይሆናል። ቆጣሪሽን የሚያሮጠው እሱ ነው፤ ሥራ ሲኖርሽ ብቻ አብሪው። ከመቱ ብዙም ሳይርቅ ሶር ወንዝ ላይ ያለው የኃይል ማመንጫ አቅሙ 5 ሜጋዋት ብቻ መሆኑን ሳስብ፣ በከንቱ የሚነድ መብራት ያንገበግበኛል። መብራት ሲሄድም ለራውተር ብለሽ ትልቅ ኢንቨርተር አትግዢ። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 አውጥቶ አዳፕተሩ መልሶ ወደ 12 ሲያወርደው በመንገድ የሚባክነው ብዙ ነው። ራውተሩን በቀጥታ የሚመግብ ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃል፤ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ግን አንብቢ፤ 9 ቮልት ለሚፈልግ 12 ሰክተሽ እንዳታቃጥዪው።

የክረምቱን ነገር አደራ። የጎሬንና የመቱን ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ ነጎድጓዱም አብሮት ነው። ደመናው ሲጠቁር ዲቫይደሩን ማጥፋት አይበቃም፤ ሶኬቱን ንቀዪ፤ በመዳብ የስልክ መስመር የምትጠቀሚ ከሆነ የመስመሩንም ገመድ ንቀዪ፤ መብረቅ በዚያም ይመጣል። ይህን ሁሉ ግን ነጎድጓዱ ከመቃረቡ በፊት አድርጊው፤ ከጀመረ በኋላ ገመድ አትንኪ። መብራት ሄዶ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታግሰሽ ሰኪ፤ የመጀመሪያው ኃይል አንዳንዴ ይበረታል።

አሮጌ ራውተር ለሰው ስትሰጪ ደግሞ ከኋላው ያለችውን ትንሽ የሪሴት ቀዳዳ በስፒል አስር ሰከንድ ያህል ተጫኝ፤ የቤትሽ ፓስወርድ አብሮ እንዳይሄድ።