ከሰመመን በፊት ያለችው ሰዓት

የሰው ሰውነት በስለት ሊከፈት በተቃረበበት ጊዜ፣ ታማሚው ወደ ሙሉ ሰመመን ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ልቡን የሚያረጋጋና ትዝታውን የሚጋርድ መድኃኒት መስጠት ከሃይማኖት ጋር ይስማማልን? ወይስ ፍርሃት ነፍስን ለንስሐ የሚቀሰቅስ ስለ ሆነ በመድኃኒት ሊታፈን አይገባውም? ይህ ጥያቄ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ ከዘጌና ከደቅ በጀልባ፣ ከሜጫና ከአቸፈር በአውቶቡስ ታማሚያቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳር የሚመጡ ቤተ ሰቦች፣ በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ግቢ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ፣ «ሳይናዘዝ ቢያስተኙትስ?» እያሉ በራሳቸው አነጋገር ይጠይቁታል።

አስቀድሞ የመድኃኒቱን ጠባይ ማወቅ ይገባል። በሐኪሞቻችን ዘንድ በብዛት የሚታወቁት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሊዮ ስተርንባክ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ አግኝቶት በ1963 እ.ኤ.አ. ቫሊየም በሚል ስም ለገበያ የቀረበው ዲያዜፓም ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያ ወዲህ በ1970ዎቹ የተገኘው ሚዳዞላም ነው። ሁለቱም ጋባ የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር የነርቭን ሁከት የሚያበርድበትን ኃይል ያበረታሉ። ሚዳዞላም በደም ሥር በተሰጠ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ታማሚው ይረጋጋል፤ ዐይኑን ገልጦ፣ ለተጠየቀውም እየመለሰ ቢሆን እንኳ፣ ከመርፌው በኋላ የሆነውን ነገር ሲነቃ አያስታውሰውም፤ ከመርፌው በፊት የነበረው ግን ሳይነካ ይቀራል። ከዚህም በላይ የዋናውን ሰመመን መጠን ለመቀነስ ያስችላል፤ በኬታሚን ተኝተው ለሚሠሩትም በመንቂያቸው ሰዓት የሚያስጨንቃቸውን ቅዠት ያለዝብላቸዋል። በአንጻሩ ትንፋሽን የሚያደክም ስለ ሆነ፣ ለሽማግሌና አቅሙ ለደከመ ሕሙም በእጅጉ ተቀንሶ ይሰጣል፣ ወይም ጨርሶ ይቀራል።

የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ነፍስን ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ብለው ሲያስተምሩ፣ ማሰብን ለልባዊነቷ፣ መናገርን ለነባቢነቷ፣ መኖርን ለሕያዊነቷ ይሰጣሉ። የሰመመን ሰጪውን ሥራ በዚህ ትምህርት ብርሃን የተመለከተ ሰው፣ የሰመመኑ መድኃኒት ልባዊነትን እንደ ጉም ሸፍኖ፣ የነባቢነትን አንደበት አስሮ፣ ሕያዊነትን ግን ሳይነካ እንዲያልፍ የታሰበ መሆኑን ያስተውላል፤ በጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክሲጅን መለኪያ ድምፅም ያችን ሦስተኛዋን ሲጠብቅ የሚሰማ ነው። (ሰመመን ሰጪዎቹ ይህን ከሊቃውንት ጉባኤ ተምረውት አይመስለኝም፤ ቢነገራቸው ግን ደስ ይላቸዋል።) ነፍስ በእንቅልፍ ዘወትር ሌሊት ልባዊነቷና ነባቢነቷ እየተጋረዱባት፣ እንደ ጠፋች ወይም እንደ በደለች ያልተቈጠረባት እንደ ሆነ፣ በመድኃኒት ለጥቂት ሰዓት ቢጋረዱባት ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የምዕራቡ ዓለምም ይህን ተከራክሮበታል። ጥቅምት 16 ቀን 1846 እ.ኤ.አ. ኤተር ለሰመመን ሲውል በቦስተን ከተማ በጉባኤ ፊት ከታየ ከዓመት በኋላ፣ የስኮትላንዱ ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ለወላዶች ክሎሮፎርም መስጠት በጀመረ ጊዜ፣ በሃይማኖት ስም ለተነሣበት ወቀሳ ከኦሪት ዘፍጥረት መልስ ሰጠ፤ ፈጣሪ ራሱ ከአዳም ጎን አጥንት በወሰደ ጊዜ አስቀድሞ እንዳስተኛው አመለከተ። መልሱ ብልሃት ያለበት ነው፤ ነገር ግን ለእኛ ጥያቄ እኩሌታውን ብቻ ይመልሳል። አዳም ገና ሳይበድል የተኛ ነበርና አልፈራም፤ መፍራቱን በአንደበቱ የተናገረው ዕፀ በለስን ከበላ በኋላ፣ በዛፎች መካከል ተሸሽጎ ሳለ ነው። እንግዲህ የአዳም እንቅልፍ ለሰመመኑ ምስክር ቢሆን፣ ከሰመመኑ በፊት ላለችው የፍርሃት ሰዓት ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ያች ሰዓት የተገኘችው ከበደል በኋላ ነው።

ለዚህች ሰዓት የሚቀርበው ምስክር ጎልጎታ ላይ ያለው ነው። ጌታ ከመስቀሉ አስቀድሞ ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን ቢያቀርቡለት እንዳልተቀበለ ወንጌላዊው ማርቆስ ጽፏል፤ ከዚህም ተነሥተው አንዳንድ ጽኑዓን ምእመናን «እርሱ ያልቀመሰውን እኔ እንዴት እቀምሳለሁ?» ሲሉ ይሰማል። ትሕትናቸው ይከበራል፤ ፍርዳቸው ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። እርሱ ሕማሙን በፈቃዱ የተቀበለው ዓለምን ሊያድንበት ነው፤ የትርፍ አንጀቱ ታውኮ በቃሬዛ ላይ የሚንቀጠቀጥ ገበሬ ግን በመንቀጥቀጡ ማንንም አያድንም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያም ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓቱ፣ ጥበበ ሕክምና ከፈጣሪ የተሰጠ እንደ ሆነ፣ ክርስቲያን ተስፋውን ሁሉ በእርሱ ላይ ሳይጥል ሊጠቀምበት እንደሚገባው አስተምሯል። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛም በየካቲት 24 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. የሰመመን ሐኪሞች ጠይቀውት ሲመልስ፣ ሕማምን በመድኃኒት ማራቅን ፈቅዶ፣ ሞት በቀረበ ጊዜ ግን ታማሚው የሃይማኖት ግዴታውን አስቀድሞ ሊፈጽም እንደሚገባ አሳስቧል። በዶግማ ከሮማ ብንለይም፣ ይህች የቅደም ተከተል ነገር ከእኛ ንስሐ አባቶች ምክር ጋር አንድ ናት።

እኔም የጉዳዩን ቁልፍ የማየው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መድኃኒቱ ከመርፌው ወዲያ ያለውን ስለሚያስረሳ፣ ጸሎትም፣ ኑዛዜም፣ የቀዶ ጥገናው የፈቃድ ፊርማም ከመርፌው ወዲህ ሊሆኑ ግድ ነው፤ ከመርፌው በኋላ የተወሰደ የጣት አሻራ ከቶ እንደ ፈቃድ አይቈጠርም። በአንድ ሆስፒታል መተላለፊያ፣ እንቅርታቸውን ለመሠራት ከዘጌ የመጡ አንዲት ባልቴት አይቻለሁ። ቢላዋው የሚያርፈው አንገታቸው ላይ ነውና ማዕተባቸውን ቢያስወልቋቸው፣ ፈትተው በግራ እጃቸው አንጓ ላይ አስረውታል፤ በቀኝ እጃቸው ጀርባ ካኑላው ተተክሏል። ወጣቱ ሰመመን ሰጪ፣ «እማማ፣ ማረጋጊያ ልሰጥዎ ነው፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልዎታል» ቢላቸው፣ «ቆየኝማ ልጄ፤ የዛሬን ውዳሴ ማርያም አልጨረስሁም» አሉት። የያዘውን መርፌ ወደ ብረት ሳሕኑ መልሶ፣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር «አልደረሰም ወይ?» የሚለውን ድምፅ በእጁ ምልክት ዝም አሰኝቶ ቆመ። ባልቴቲቱ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆይተው፣ አማትበው፣ «በል እንግዲህ» ብለው ካኑላ የተተከለበትን እጃቸውን ዘረጉለት። ከብዙ ድርሳን ይልቅ ያ ወጣት መርፌውን ማስቀመጡ ነገሩን አስተማረኝ።

ታዲያ የፍርሃቱ ነገር በመድኃኒት ብቻ የሚታረቅ እንዳይመስለን፣ የሳይንሱ ምስክርነት ራሱ ይከለክለናል። ፍርሃቱ ብዙ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ቀዶ ጥገና ከሚጠብቁት ታማሚዎች ከመቶ 70 ያህሉ በብርቱ ጭንቀት እንደ ተያዙ አሳይቷል። ቫሊየም ለገበያ በወጣበት በዚያው በ1963 እ.ኤ.አ. ኤግበርት የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በቦስተን፣ በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ሰመመን ሐኪም መጥቶ ያነጋገራቸውን ታማሚዎች ፔንቶባርቢታል የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ከተሰጣቸው ጋር ቢያነጻጽሩ፣ መድኃኒቱን ብቻ የወሰዱት እንቅልፍ ተጫጭኗቸው ልባቸው ግን ሳያርፍ፣ የተነጋገሩት ደግሞ ነቅተው ሳሉ ተረጋግተው ተገኙ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፈረንሳይ በ1062 ታማሚዎች ላይ የታተመ ጥናት፣ ሎራዜፓም የተባለው ማረጋጊያ ለሁሉ በደፈናው ቢሰጥ የታማሚዎቹን እርካታ እንዳላሻሻለ፣ እንዲያውም መተንፈሻው ቱቦ የሚወጣበትን ጊዜ እንዳዘገየ ገልጿል። ከዚህ ተነሥቼ መድኃኒቱ ይቅር አልልም፤ በፍርሃት ደሙ የሚናወጥ፣ ከእናቱ ሲለይ የሚያለቅስ ሕፃንም በቃል ብቻ አይረጋጋም። ሐኪም የመናገርን ድካም ለማምለጥ ሲል የሚሰጠው ማረጋጊያ ግን ከታማሚው ይልቅ ለሐኪሙ የተሰጠ ነው።

ክርክሩ ሁሉ የሚጠብበት አንድ ቦታ ደግሞ አለ፤ እርሱም በኦፕራሲዮን የምትወልድ እናት ናት። ማረጋጊያው በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ሕፃኑ ተሻግሮ ትንፋሹን ስለሚያደክመው፣ ልጁ እስኪወጣ ድረስ ለእርሷ ባይሰጥ ይመረጣል፤ ስለዚህ ከማንም በላይ የፈራችው ሴት ፍርሃቷን ነቅታ ትሸከመዋለች። የጎልጎታው ያልተቀመሰ ወይን በሰው ዘንድ ጥላው የሚታይበት ስፍራ ካለ ይህ ነው፤ እርሷ የምትታገሠው ስለ ሌላ ነውና። በመንደሯ ብትሆን ሴቶች ከብበው «ማርያም፣ ማርያም» ይሉላት ነበር፤ በኦፕራሲዮን ክፍሉ ግን በሩ ስለሚዘጋባቸው፣ ጀርባዋን አጎንብሳ በወገቧ የሚሰጠውን መርፌ ስትቀበል ትከሻዋን ይዛ «አይዞሽ» የምትላት አንዲት ነርስ ብቻ ናት። ቀዶ ጥገናው በድንገት የሆነባት እንደ ሆነ የዋዜማ ጉብኝትም፣ ንስሐ አባትም አይደርሱላትም፤ ያች ነርስ ግን በዚያ ሰዓት ወደ ሌላ ክፍል እንዳትጠራ ማድረግ የሆስፒታሉ ሹማምንት የሚችሉት ነገር ነው።