እንደ ራሴ ወይስ ለራሴ

የአማርኛ ቋንቋ የሕዝብን መልእክተኛ «እንደራሴ» ይለዋል። ይህ ስም «እንደ» እና «ራሴ» የሚባሉ ሁለት ቃላት ተጋጥመው የወለዱት ነው። ንባቡን ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጥ ይመስላል፤ ምሥጢሩን ለሚመረምር ግን ጥያቄ ያመጣል። «ራሴ» የሚለው ማን ነው? ተናጋሪው ላኪው ነው እንጂ ተላኪው አይደለም። ላኪው፦ እኔ በማልደርስበት ስፍራ ይህ ሰው እንደ ራሴ ሆኖ ይቁምልኝ ይላል። ተላኪው ግን ከወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ቃሉን ከላኪው አፍ ነጥቆ በራሱ አፍ ያደርገዋል፤ «እንደ» የሚለውን አውጥቶ «ለ» የሚለውን ያገባበታል። ያን ጊዜ እንደ ራሴ የነበረው ለራሴ ይሆናል። የፊደሉ ለውጥ ጥቂት ነው፤ የሥራው ለውጥ ግን አገር ያፈርሳል።

አገሬው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ብሎ ይተርታል። ተረቱ የሚነገረው ለሣቅ ነው፤ ዳሩ ግን ልጅ አባቱ ከመከረው ነገር ይልቅ አባቱ የሣቀበትን ነገር ይይዛልና፣ በሣቅ የተዘራው በሹመት ይበቅላል። ደግሞም ይህ ተረት ራሱ በራሱ ላይ ይመሰክራል። «ሲሻር» ማለቱ ሹመት አላፊ እንደ ሆነ ማመኑ ነው። ሹመት ካለፈ የማያልፈው ምንድር ነው? ጎረቤት ነው። ትልቅ ባለሥልጣን ከሹመቱ ሲወርድ ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደ ሌላም አገር ሊሄድ ይችል ይሆናል፤ የቀበሌ ተመራጭ ግን የሚሻረው በተሾመበት መንደር ነው። ውሃ የሚቀዳው ከዚያው ምንጭ ነው፤ ልጁን የሚድረው ለዚያው ሰው ልጅ ነው፤ ሬሳውንም የሚሸከምለት ያው ዕድር ነው። ስለዚህ በታችኛው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ከላይኞቹ ይልቅ አጥብቆ ሊያስብበት የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ተመራጭ ለመረጠው ሕዝብ ዕዳው ምንድር ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ኖሮአል። አንደኛው ወገን፦ ተመራጭ የሕዝቡ አፍ ነው፤ የተላከውን ይናገር፣ ያልተላከውን አይጨምር ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፦ ሕዝብ የመረጠው የሰውየውን አፍ ብቻ ሳይሆን ልቡናውንም ጭምር ነው፤ ስለዚህ የሚጠቅመውን መርምሮ ይፍረድ ይላል።

ይህን ሁለተኛውን አሳብ በግልጥ ካስተማሩት ሰዎች አንዱ ኤድመንድ በርክ የሚባለው የአየርላንድ ተወላጅ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1774 ዓ.ም. የብሪስቶል ከተማ ሰዎች ለእንግሊዝ ፓርላማ በመረጡት ጊዜ፣ ትጋቱን ሁሉ ለእነርሱ እንደሚያደርግ፣ ፍርዱን ግን ለማንም ፈቃድ እንደማይሸጥ አስታወቃቸው። እንደ ቃሉም ሠራ። የአየርላንድ ንግድ ከተጫነበት ሸክም ጥቂት እንዲቀልለት ደገፈ፤ የብሪስቶል ነጋዴዎች ግን ትርፋችን ይጎድላል ብለው ተቈጡ። በዕዳ ስለሚታሰሩ ሰዎች የወጣው ሕግ እንዲሻሻል፣ የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታዮችም ከተጫነባቸው ሕግ ጥቂቱ እንዲነሣላቸው ረዳ፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች ጠሉት። በ1780 ዓ.ም. ምርጫ በደረሰ ጊዜ እንደማይመረጥ አይቶ ራሱ ከውድድሩ ወጣ።

ዛሬ ያን ታሪክ የሚያነብ ሰው በነዚህ ነገሮች እውነቱ ከበርክ ጋራ እንደ ነበረ ለመፍረድ አይቸገርም። ነገር ግን ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ነበረ፤ ይኸውም ወደ መራጮቹ እየመጣ አይጠይቃቸውም የሚል ነው። እርሱም በሎንዶን ሆኖ የእነርሱን ጉዳይ ሲፈጽም እንደ ኖረ መለሰ። መልሱ እውነት ነበረ፤ ዳሩ ግን አልበቃም። ሰው የማይወደውን ፍርድ ከሚያውቀው ሰው አፍ ሲሰማ ይቈጣል፣ ይከራከራል፣ በመጨረሻም ሊታገሥ ይችላል። ከማያየው ሰው የመጣ ፍርድ ግን እውነት እንኳ ቢሆን ትዕቢት መስሎ ይታየዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በራሱ ፍርድ የሚሄድ ተመራጭ ከሕዝቡ ጋራ የመገናኘት ዕዳው ይበዛበታል እንጂ አያንስለትም የሚል ነው። የሕዝብ አፍ ብቻ ለመሆን የተላከ ሰው መልእክቱን አድርሶ ዝም ቢል ይቻለው ይሆናል፤ ሊፈርድ የተላከ ሰው ግን የፍርዱን ምክንያት ይዞ ወደ ላኩት ሰዎች መመለስ አለበት።

የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም በሴኬም ሊነግሥ በቆመ ጊዜ ሕዝቡ የአባቱን ዘመን ሸክም እንዲያቀልላቸው ለመኑት። እርሱም የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጣቸው። በሦስቱ ቀን የጠየቀው ማንን ነው? አስቀድሞ ሽማግሎቹን፣ ቀጥሎም አብሮ አደጎቹን ጠየቀ፤ ሸክሙን የተሸከመውን ሰው ግን ትከሻህ የቈሰለው ወዴት ነው ብሎ አልጠየቀውም። ሽማግሎቹ መግዛት የሚጸናው በማገልገል እንደ ሆነ መከሩት፤ አብሮ አደጎቹ ግን ሸክሙን እንዲያከብድ መከሩት። የኋለኞቹን ስለ ሰማ ከዐሥራ ሁለቱ ነገድ ዐሥሩ ተለዩት። እንግዲህ ቀጠሮ መስጠት መስማት እንዳይደለ ከዚህ ይታወቃል። ብዙ ሰው ደጅ አስጠንቶ ሲያበቃ ሕዝብን የሰማ ይመስለዋል።

በኢትዮጵያ የአጥቢያ ሹመት ብዙ መልክ ነበረው። በጎጃምና በበጌምድር በአንዳንድ ስፍራ የጭቃ ሹምነት ሥራ በርስተኞቹ መካከል በየዓመቱ በተራ ይዞር ነበር። ይህ ሥርዓት ጉድለት ነበረበት፤ ርስት የሌለው ሰው ተራ አይደርሰውም ነበርና። ዳሩ ግን አንድ ጥበብ ነበረበት፤ ዘንድሮ የሚያዝ ሰው ለከርሞ ታዛዥ እንደሚሆን ስለሚያውቅ እጁን ለመሰብሰብ ምክንያት ነበረው። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በቆመ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ የተደነገገው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በ1967 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበርና የከተማ ቀበሌ ተቋቋመ። በ1987 ዓ.ም. የቆመው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ12ኛው አንቀጽ ተመራጭ ኃላፊነቱን ቢያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ደነገገ።

በ2000 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ በተደረገ ጊዜ የተዘረጋው ወንበር ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበረ፤ ለአንዱ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 ሰው ይመረጥ ነበር። ይህ አሳብ ዮቶር ለሙሴ ከሰጠው ምክር ጋራ ይመሳሰላል፤ እርሱ ከሺህ አለቃ ጀምሮ እስከ ዐሥር አለቃ ድረስ እንዲሾም መክሮ ነበርና። ነገር ግን ከጥቂቶቹ በቀር ወንበሩን ሁሉ የያዘው አንድ ግንባርና አጋሮቹ ነበሩ። ቍጥር ብቻውን ቅርበትን እንደማይወልድ ማሰብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሦስት መቶ ሰው ከላይ የመጣውን ወደ ታች የሚያወርድ ብቻ ቢሆን፣ በዚያ ቀበሌ ሦስት መቶ አፍ አለ፤ ጆሮ ግን የለም። አንድ ሰው እንኳ ከታች ያለውን ሳይፈራ ወደ ላይ ቢያወጣ ግን ከሦስት መቶው ይበልጣል።

እንግዲህ ከሕዝብ ጋራ መገናኘት ማለት ምንድር ነው? ሦስት ነገር ነው፤ መሄድ፣ መስማት፣ መመለስ። መሄድ ማለት ሰው ወደ ጽሕፈት ቤት እስኪመጣ አለመጠበቅ ነው፤ ወደ ገበያው፣ ወደ ውሃው፣ ወደ ልቅሶው ድንኳን መውረድ ነው። የዕድር ዳኛ የሚታመነው በአዋጅ ስለ ተሾመ አይደለም፤ ጡሩምባው በተነፋ ቀን ስለሚገኝ ነው። መስማት ማለት ደግሞ በስብሰባ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን ወደ ስብሰባ ያልመጣውን መፈለግ ነው፤ ልጅ ይዛ የቀረች መበለት፣ ከብት የሚጠብቅ እረኛ፣ ቀኑን ቢያጠፋ እራቱን የሚያጣ የቀን ሠራተኛ እጅ አያወጡምና። ከሦስቱ የሚከብደው ግን መመለስ ነው፤ ይልቁንም «አልሆነም» የሚል ቃል ይዞ መመለስ።

ለዚህ ምሳሌ ይሆን ዘንድ ይህ ነገር ይታሰብ። በአንድ ቀበሌ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር የሚባሉ ሁለት መንደሮች አሉ፤ የተገኘው ገንዘብ ግን ለአንድ የውሃ ጕድጓድ ብቻ ነው። አንድ ተመራጭ የላይ ሰፈር ሰው ነው፤ የመረጡትም ዘመዶቹ ናቸው። ላይ ሰፈር ምንጭ አለው፤ የታች ሰፈር ሴቶች ግን ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። ሰውየው ጕድጓዱ በታች ሰፈር እንዲቈፈር ድምፁን ሰጠ። ፍርዱ ቅን ነው። በዚያ ማታ ግን ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው «ከወረዳ ታዞ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ» ማለት ነው፤ በዚህ የዘመድን ፍቅር ያተርፋል፣ እውነትን ግን ያጣል። ሁለተኛው ዘመዶቹን ከዋርካው ሥር ሰብስቦ «ድምፄን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ማለት ነው።

ሁለተኛውን መረጠና ነገራቸው፤ ሰደቡትም። ከስድቡም በኋላ አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ በበጋ ምንጩ ሲደርቅ ለእኔ ማን ይቅዳልኝ?» ብለው ጠየቁት። እርሱ ይህን አላሰበም ነበር። በማግሥቱ ወደ ታች ሰፈር ወርዶ፣ ምንጩ በሚደርቅበት ወራት የላይ ሰፈር ሰው በተራ እንዲቀዳ ሽማግሎቹን ለመነ፤ እነርሱም እሺ አሉት። እንግዲህ ያ ሰው ሸሽቶ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ቅን ሆኖ ሳለ ጎደሎ ይቀር ነበር። መስማት ለተመራጭ የትሕትና ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የፍርዱ መሙያ ነው። ማንም ሰው ብቻውን ሆኖ ሁሉን አያይምና።

አንዳንድ ሰው፦ እንዲህ ያለ ቅርበት አድልዎን ያመጣል ይል ይሆናል። አድልዎ ግን ለጥቂቶች ብቻ መቅረብ ነው፤ መድኃኒቱም ከሁሉ መራቅ ሳይሆን ለሁሉ መቅረብ ነው። ሌላው ደግሞ፦ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ገበሬ ነው፤ ሲዞር ቢውል ማን ያርስለታል ይላል። ይህ እውነተኛ ነገር ነው፤ መልሱም ያለው በመራጩ እጅ ነው። ለሕዝብ ጉዳይ ለዋለ ሰው አዝመራው ሲደርስ ደቦ መውጣት፣ ስለ ጥቃቅን ነገር ሌሊት በሩን አለማንኳኳት የመራጩ ድርሻ ነው። ከሁሉ ይልቅ መራጩ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ነገር አለ። «ዘመድህ ነኝና ስሜን ከፊት አስገባልኝ» የሚል ሰው እንደ ራሴ ብሎ የላከውን ሰው በገዛ እጁ ለራሴ ወደ ማለት ይገፋዋል። በኋላም በላ ብሎ ሲከሰው፣ ጉርሻውን ያስለመደው ማን እንደ ሆነ ይዘነጋል።

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ እንደሚለዩ፣ በሹመትም ሁለቱን መለየት ይገባል። ወንበሩ፣ ማኅተሙ፣ በስብሰባ ከፊት መቀመጡ ሰም ነው፤ አገልግሎቱ ወርቅ ነው። ሰም የሚያስፈልገው ለወርቁ መልክ እስኪያወጣለት ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀልጦ ይፈሳል፣ ማንም አይፈልገውም። የሹመቱ ዘመን ያለቀበት ሰው አንድ ማለዳ ማሠሮ ይዞ ወደ ምንጩ ሲወርድ ጎረቤቶቹ ቀና ብለው «እንደምን አደርህ» ቢሉት፣ እንደ ራሴ ብለው የላኩት ሰው እንደ ራሳቸው ሆኖ ተመልሶላቸዋል ማለት ነው።